መሄጃውና መመለሻው

የወንድሜን የዮናስን ካፖርት ኪስ ስፈትሽ አንዲት ትንሽ የዘይት ብልቃጥ አገኘሁ። የትራምፔት ዘይት ናት፤ የሚጫኑት ቁልፎች እንዳይጣበቁ ጠብ የምትደረግባቸው። ክዳኗን ከፈትኩና ቶሎ መልሼ ዘጋሁት። ላምባ ላምባ ትሸታለች። ልጅ እያለሁ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ግሌንዴል የነበረው አፓርታማችን በሙሉ ይሄን ይሸት ነበር። እናቴ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትለው "ደግሞ ቤቴን የላምባ ሱቅ አደረግኸው?" ነበር።

ዮናስ ታላቄ ነው። ነበር ልበል? እንዴት እንደሚባል እስካሁን አላውቅም።

ሃይስኩል ሲገባ ጃዝ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ያዘ። እናቴ ግን ጥሩምባ ነበር የምትለው። እሷ ባደገችበት ሰፈር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ እየዞረ ይነፋል፤ ሰዉ ገና ከመኝታው ሳይነሳ ማን ሞተ ይላል። ስለዚህ ዮናስ ሳሎን ውስጥ ሲለማመድ እጇ ሳታውቀው ደረቷ ላይ ያርፍ ነበር። ውጪ ወጥተህ ንፋ ትለዋለች። ውጪ ደግሞ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ጎረቤት ይጮህበታል።

አንድ ቀን ስለ ጃዝ ታሪክ ለክፍሉ ፕሬዘንቴሽን እንዲያቀርብ ታዘዘ። መጀመሪያ የተለማመደው እኔ ላይ ነው። ኒው ኦርሊንስ በምትባል ከተማ፣ በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እንደጀመሩት ነገረኝ። እዚሁ ዴንቨርም፣ መሀል ከተማ ያሉት ሆቴሎች ጥቁር ስለማያሳድሩ፣ ታላላቆቹ ሙዚቀኞች ፋይቭ ፖይንትስ የሚባለው ሰፈር እያደሩ እዚያው ይጫወቱ እንደነበር ነገረኝ። እኔ የገባኝ ግን የቀብሩ ነገር ብቻ ነው። አይ፣ እሱም አልገባኝም። ሰው ሲሞት ባንዱ ከሬሳው ጋር እየሄደ ቀስ ያለ፣ የሚያስለቅስ ዜማ ይነፋል። ከቀብር ሲመለሱ ግን ያፈጥኑታል፤ ሰዉም ጃንጥላውን ዘርግቶ ይጨፍራል። በኛ ቤት ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ታጥቦ ንፍሮ ይቀምሳል እንጂ ሲጨፍር አይቼ አላውቅም።

እንዲገባኝ ብሎ ሬሳ አደረገኝ። የእናቴን ጋቢ አልብሶ ኮሪደሩ ላይ አስተኛኝና ከመኝታ ቤት ወደ ኩሽና በቀስታ እየተራመደ ነፋ። ጋቢው ውስጥ ሞቀኝ፤ ማን እንደሞተ ረስቼ እንባዬ መጣ። ኩሽና ደርሶ ዞረ። ዜማው ያው ነው፣ ግን እግር አወጣ። እኔም ጋቢውን እንደተከናነብኩ ተነስቼ ከኋላው መዝለል ጀመርኩ።

"አንተ ሬሳ፣ ተኛ እንጂ" አለኝ እየሳቀ። "ሟች አይጨፍርም። የሚጨፍሩት የቀሩት ናቸው።"

ተመልሼ ተኛሁ፤ እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ። እናቴ የገባችው በዚህ መሀል ነው። ጥሩምባውን ከደረጃው ጀምራ ሰምታለች፤ በሩን ስትከፍት ደግሞ ልጇ ተሸፍኖ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። እሪታዋን የሰማች፣ ላይኛው ፎቅ የምትኖር ያገራችን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀችም፤ መጀመሪያ አለቀሰች። ሬሳው ተነስቶ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" እስኪል ድረስ።

እናቴ ያን ቀን ዮናስን ሟርተኛ አለችው። ሞት ሲጠሩት ይሰማል አለች። እሱ ግን መለሰላት።

"እማዬ፣ የናንተ ጥሩምባኮ ግማሽ ጃዝ ነው" አላት። "መሄጃውን ታውቃላችሁ። መመለሻውን ነው የረሳችሁት።"

ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳቋ አመለጣት።

ባለፈው ጥር መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ዮናስ ሞተ። አውሮራ ከተማ ስንቀብረው የድሮ የባንድ ጓደኞቹ መሣሪያዎቻቸውን በየሳጥናቸው ይዘው መጡ። እንንፋለት ወይ ብለው እኔን ጠየቁኝ፤ እኔ እናቴን ጠየቅኋት። ሽማግሌዎቹ ሐዘን ላይ ምን ሙዚቃ አለ ብለው አጉረመረሙ። እናቴ ወደ መቃብሩ ዞረች።

"ይንፉለት" አለች። "መሄጃውን ብቻ። መመለሻውን አልችለውም።"

እዚህ ያደግን ልጆች የባንኩንም የሐኪሙንም ነገር ለወላጆቻችን እየተረጎምን ነው ያደግነው። ይሄን ግን እንዴት ብዬ በእንግሊዝኛ እንዳልኩት አላስታውስም። ብቻ ገባቸው። ቀስ ያለውን ነፉ፤ ሲጨርሱ መሣሪያዎቹን ሳጥን ውስጥ ከተቱ። ወደ ፓርኪንጉ ስንመለስ የሚሰማው የመኪና በር ብቻ ነበር።

ልክ ነበርን? እንጃ። ዮናስ የሚወደው መመለሻውን ነበር። እናቴ ደግሞ እናት ናት። ሟርት ነው እንዳልል፣ ያን ቀን ሬሳ ሆኜ የተኛሁት እኔ ነበርኩ እንጂ እሱ አይደለም።

ጃዝ አሁን የትም አለ። ጥርስ ሐኪም ጋ ስጠብቅ እሰማዋለሁ፤ ሊፍት ውስጥም፣ ድሮ ሙዚቀኞቹን አናሳድርም ይሉ በነበሩት ዓይነት ሆቴሎች ሎቢ ውስጥም። ሰው ስልኩን እያየ ያልፈዋል። በቀደም ከእናቴ ጋር ሃቫና ስትሪት ካለው ሱቅ ሽንኩርት ልንገዛ ገብተን፣ ጣሪያው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ፈጣን ትራምፔት መጣ። እናቴ ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም። ሽንኩርቱን እንደያዘች ቆመች።

"ይቺ ናት መመለሻዋ?" አለችኝ።

እስኪያልቅ ሁለታችንም ከዚያ አልተንቀሳቀስንም። ያኔ ሬሳ ሆኜ ጨፈርኩ። አሁን ከቀሩት ነኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ።