መዝገብ ላይ ያልነበረች ልጅ

መካነ ሰላም የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የአንድ ባለርስት የእህል መጋዘን ነበር። ባለርስቱ አብዮቱን ሸሽቶ ጠፋ፤ እህሉ አለቀ፤ እኛ ገባንበት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የገብስ ብናኝ ሽታ ነው። ያን ያህል ሰው በረሃብ ባለቀበት አገር እህል እህል የሚሸት ቤት ማግኘቴ አናደደኝ። መታሰሬን ለአፍታ ረሳሁት።

የከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ቤቴ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ነው የተያዝኩት። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ልጃቸው ሸፍቷል ተብሎ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ሙስሊም የከላላ ባልቴት ናቸው። ማንነቴን ሳይጠይቁ የለበሱትን የበግ ጠጉር ባና ገለጥ አድርገው፣ "ግቢ ልጄ፣ ብርዱ አያስተኛሽም" አሉኝ። ባናው ሥር ስድስት ዓመት ቢሆናት የሚያስገርም ቀጭን ልጅ ተኝታለች።

የሥጋ ዘመዳቸው አይደለችም። እናት አባቷ በክፉ ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ አልቀው መንገድ ዳር ያገኟት ናት። ባልቴቷ ሲያዙ ቀሚሳቸውን አልለቅም ብላ አብራቸው ገባች። ጠባቂዎቹ አላባረሯትም፤ አልመዘገቧትምም። ጠዋት ጠዋት ስንቆጠር እሷን የሚቆጥር የለም። እስክትታመም ድረስ ይህ ማናችንንም አላሳሰበንም።

በገባሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ትንፋሿ ፈጠነ፤ በተነፈሰች ቁጥር የጎድኗ ሥር ይሰረጉዳል። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። የሳንባ ምች ነው። ከግቢው የክሊኒኩ ቆርቆሮ ይታያል። ፔኒሲሊኑ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሳይቀር አውቃለሁ።

በሩን ደበደብኩ። የመጣው ጠባቂ ክፉ ሰው አልነበረም።

"ክሊኒክ የሚወጣ ታሳሪ ነው" አለኝ። "እሷ ታሳሪ አይደለችም። ስሟ የለም።"

"እንግዲያው እንደማንም ሰው ትውጣ።"

"ያለ ወረቀት ማንንም አላስወጣም። ምን ነካሽ?"

ልሰድበው ነበር፤ ግን ንግግሩ የራሴ ነበር። በክፉ ቀን የክሊኒኩ መስኮት ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በነጻ ለመታከም የአጥቢያ ዳኛ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ዳኛው ደግሞ የሚጽፈው ለሚያውቀው አባወራ ነው። አባወራ የሌላቸው ልጆች መስኮቴ ሥር ይቆማሉ። እኔም "ወረቀት ይዛችሁ ኑ" እላለሁ። ደንብ ነው ብዬ፣ ሌሊቱን ደህና እተኛ ነበር።

ተመልሼ ባልቴቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። የልጅቷን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ያብሳሉ። ቀና ሳይሉ፣ "ወንድም ነበራት" አሉ። "አንቺ ዘንድ አምጥቼው ነበር።"

ጨርቁን ውሃ ነክረው ጨመቁ።

"ወረቀት አልሽኝ። ከላላ ተመለስኩ። ዳኛው 'ልጁን አላውቀውም' አለ። እንደገና ወዳንቺ ስመጣ ጀርባዬ ላይ ሞተ።"

"እዚህ ስገባ አውቀውኝ ነበር?"

"በሩ ሲከፈት።"

አሥር ሌሊት አንድ ባና ለብሰን ተኝተናል። ጉልበታቸውን ያዝኩ። "አውፍ በሉኝ" አልኩ፤ ይቅርታን እሳቸው በሚሉበት ቃል።

"አሁን አውፍ ብልሽ ለአፌ ነው" አሉ። "ልጂቱ ትዳን። ያን ጊዜ ጠይቂኝ።"

ጠባቂውን መልሼ ጠራሁት። "እሰራትና መዝግባት" አልኩት።

"ምን አጥፍታ?"

"የኔን ጻፍባት።"

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ሄዶ መዝገቡን አመጣ። ስሟን ጽፎ ከጎኑ የኔን ክስ ገለበጠ። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ የተከለከለ ወረቀት በመያዝ ተከሰሰች። ከሰዓት በኋላ አዝሎ ወስዶ መርፌ አስወጋት፤ በማግስቱም ወሰዳት። ግን ዘግይተናል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ በባልቴቷ ጭን ላይ ሞተች።

ሴቶቹ ከሚጠጡት ውሃ አዋጡ። ባልቴቷ ሲያጥቧት ውሃውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ፤ ክርስቲያን ነሽ ብለው አልከለከሉኝም። ነጠላዬን ለከፈን ሰጠሁ። ጠባቂው ሬሳዋን ሊወስድ ሲመጣ መዝገቡን ይዞ ነበር።

"ስሟን ልሰርዘው" አለ።

"ተወው" አሉት ባልቴቷ። "ሌላ የትም አልተጻፈች።"

አልሰረዘውም።

እሳቸው ከኔ በፊት ተፈቱ። ሲወጡ ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኝ ሄዱ። እኔም ከተፈታሁ በኋላ ወደዚያው መስኮት ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ወረቀት የለህም ብዬ የመለስኩት ልጅ የለም፤ በዚህም ከአለቆቼ ጋር ስጣላ ኖርኩ። ይህን የሰማ ሰው "ክሰሽዋል" ይለኛል። አልካስኩም። ጀርባ ላይ የሞተ ልጅ በምን ይካሳል?

ከላላ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ቤታቸውን የሚያሳየኝ ሰው አላጣም ነበር። በራቸው ድረስ ግን አልሄድኩም። ጠይቂኝ ያሉኝ ልጅቷ ከዳነች ነበር።