ሸኩር ጠዋት የነካት ሰዓት

ጅማ ውስጥ ሰዓት አሠርቶ የሸኩርን ቁጣ ያልቀመሰ የለም። ሥራው ወርቅ፣ አፉ በርበሬ። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለችው፣ ሁለት ሰው እንኳ በማታስቀምጥ ሱቁ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎንበስ ብሎ አሮጌ የእጅ ሰዓት ሲፈታ፣ ሲያጥብ፣ ሲገጥም ኖሯል። ደንበኛውን ሁሉ የሚሸኘውም በአንድ ማስጠንቀቂያ ነው፦ «ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ቀኗን እንዳትነካ! ከነካህ ወደ እኔ አትምጣ!»

ምክንያት አለው። እነዚህ ሰዓቶች ቀን የሚቆጥሩት እስከ ሠላሳ አንድ ነው፤ የእኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ወር በባተ ቁጥር ባለቤቱ የጎኗን ማዞሪያ ስቦ ቀኑን በእጁ ያስተካክላል። ሸኩር ሰዓቶቹን የሚሞላቸው ቀኑ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዲለወጥ አድርጎ ነው። ጠዋት ታዲያ የውስጥ ጥርሶቻቸው ገና እንደተናከሱ ናቸው፤ ያኔ የነካ ሰው ጥርስ ይሰብራል። መለዋወጫው ደግሞ ዛሬ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ሕጉን ያወጣው ሰው ነው ራሱ ያፈረሰው። ጉድ እኮ ነው!

ከዓመት ወዲህ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለሚስቱ ለዙህራ እንኳ አልነገራትም። ሰዓት ሠሪ እጁ ከከዳው ምን ቀረው? ጠዋት ጠዋት ግን ረጋ ይልለታል፤ የሚብስበት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ቀጫጭኑን ሥራ ሁሉ ወደ ማለዳ አዞረና፣ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲመጣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያወራ ጀመር።

ኅዳር በባተበት ቀን ማለዳ የአጋሮውን የሀጂ አብዱልሃዲን ሰዓት አጥቦ ጨረሰ። ሀጂ ከአባታቸው የወረሷት ሰዓት ናት። ቀኗ ሠላሳ አንድ ትላለች። እጄ ሳይጀምረኝ ልጨርስ ብሎ ቸኮለና ማዞሪያውን ሳበ። ቀጭ! ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ ብቻውን። ቀኑን የሚያዞረው ጥርስ ተገንጥሏል።

እኩለ ቀን ላይ ሀጂ ከልጃቸው ከማሂራ ጋር መጡ። ሸኩር እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ግን «እንዴት ሆና ተሰበረች?» ይሉታል፤ እጁን ያዩታል።

«ሀጂ፣ ጠዋት ላይ ቀኗን ነክተዋታል» አለ።

«እኔ?»

«ተሰብራ ነው ያገኘኋት። ሰዓት ትቆጥራለች፤ ቀን ግን ከእንግዲህ የለም።»

ሽማግሌው ሰዓቷን አገላብጠው አዩ። «አላስታውስም» አሉ በመጨረሻ። «ማሂራ፣ ነክቻት ነበር እንዴ?»

ማሂራ ሲወጡ ክንዳቸውን ያዘች። ሀጂ ደጋፊ ፈልገው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ዝም ብለው ተያዙ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ውሸት! ሸኩር በደንብ ዐውቋል፤ ዐውቆ ነው የዋሸው።

በዐሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከሱቁ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ፊርዶስ አጋሮ ከተዳረችው እህቷ ወሬ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሀጂ አብዱልሃዲ የቡና መጋዘኑን ቁልፍ ለልጃቸው አስረከቡ አሉ! ‹የአባቴን ሰዓት ሰብሬ የማላስታውስ ሰው ምን እታመናለሁ› ብለው። የትኛው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ በቃላቸው የሚናገሩ ሰውዬ፣ አሁን ሲጠየቁ ‹ሌላ ሰው ጠይቁ› ነው የሚሉት። ማሎ፣ እርጅና ክፉ ነው!»

ሸኩር ሻዩን ሳይጨርስ ሱቁን ዘጋ። ያን ሌሊት ዓይኑን አልከደነም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ያበጠው ይፈንዳ ብሎ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሀጂን በረንዳቸው ላይ፣ የማድረቂያ አልጋዎቹን እያዩ ተቀምጠው አገኛቸው። ማሂራ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች።

«ሰዓትዎን የሰበርኳት እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እሱን ልደብቅ ብዬ ነው የዋሸሁት» አለ፣ ቁጭ እንኳ ሳይል።

ሀጂ ፈገግ አሉ። «አንተ ሸኩር፣ አፍህ ነው እንጂ ልብህ ደግ ነው። ልታጽናናኝ ከጅማ ድረስ መጣህ?»

«ወላሂ እውነቴን ነው!»

«በሐሰት አትማል። እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋው። ማለዳ ነዋ! እጁ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል ረግቶ ቁጭ። ዓመት ሙሉ የደበቀው መንቀጥቀጥ በፈለገው ቀን ጠፋ።

«እንግዲያው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ እስከ ዐሱር ሶላት እቆያለሁ» አለ።

ቆየ። ምሳ ቀረበ፣ ተነሣ። ሀጂ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ እሱ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሰግደው ሲመለሱ መጀመሪያ አውራ ጣቱ ጀመረ፤ ከዚያ እጁ በሙሉ። ሸኩር ደስ አለው፤ አፈረም። ሰዓቷን ተቀብሎ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ገጠመና የጀርባዋን ብሎን ሊፈታ መፍቻውን ደገነ። አዳለጠው። ደገመ፤ አዳለጠው። በሦስተኛው የሰዓቷን ጀርባ ዳር እስከ ዳር ጫረው።

ሀጂ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ዐሥራ ስድስት ሌሊት!» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ዐሥራ ስድስት ሌሊት የልጆቼን ስም እየደጋገምኩ ነው የተኛሁት! ነገ ይጠፋብኝ ይሆን እያልኩ!»

«ይቅር ይበሉኝ» አለ ሸኩር መሬት መሬት እያየ።

«ማሂራ! ቁልፌን!»

ማሂራ እያለቀሰች ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሀጂ ሰዓቷንም እጃቸው ላይ አሰሩ። «እሷ ሰዓቱን ትንገረኝ፤ ቀኑን እኔ አስታውሳለሁ። ያ የጥጉ አልጋ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛው ነው፤ ማታ ይሸፈን።»

ከዚያ ዞረው የሸኩርን እጅ አዩት። ገና ይንቀጠቀጣል። ንዴታቸው ቀስ እያለ በረደ።

«አንተስ? እንግዲህ ምን ልትሆን ነው?»

ሸኩር መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ዚፑን መዝጋት ግን አቃተው። ማሂራ ጎንበስ ብላ ዘጋችለት። ከዚያም ክንዱን ይዛ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።