የዶሮ ቤቷ ተከራይ

ወይዘሮ ያለምወርቅ ዶሮ ያረቡበት የነበረውን የቆርቆሮ ቤት ኖራ ቀብተው፣ ተደራራቢ አልጋ ሞልተውበት ለአየር መንገድ ሠራተኞች ያከራያሉ። የቃሊቲ ፀሐይ ሲበረታ የኩሱ ሽታ ከኖራው ሥር ይወጣል። አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ባልቀዘቀዘው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። ጎረቤታቸው አቶ ዱሬሳ በዚያ ባለፉ ቁጥር ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ከተከራዮቹ አንዷን ግን ሳያዩ አያልፉም። ቤተሰቧ አዳማ ነው ይባላል፤ ስሟን የጠየቃት የለም። የደንብ ልብሷን በላስቲክ ጠቅልላ አጥሩ ሥር ካለው የዘይቱን ዛፍ ላይ ትሰቅላለች እንጂ ወደ ውስጥ አታስገባም።

ዛሬ ጠዋት ለብሳ ሌሊት ትኋን የነከሰው አንገቷን ፓውደር ስትቀባ ወይዘሮ ያለምወርቅ ሳቁባት።

«ትኋኑን ከውጭ አገር አምጥተሽብኝ ይሆናላ!»

«ይሆናል፣ እትዬ» አለች። አልጋውን ብትነጠቅ የት ትሄዳለች?

ከዚያ አቶ ዱሬሳ ከወዲያ ወደ ቆሙበት አጥር ተጠጋች።

«አባባ፣ አንገቴ ላይ ይታያል? ሳንሳፈር አለቆቻችን ያዩናል፤ እንዲህ ሆኜ ካገኙኝ ከበረራ ያስቀሩኛል።»

«የተነከስሽው አይታይም። ግን ቆይ እስቲ፣ እንዳትነቃነቂ ልጄ።»

አንድ የጠገበ ትኋን ከጸጉሯ ወርዶ ነጩ ኮሌታዋ ላይ ይሄድ ነበር። አቶ ዱሬሳ በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ ደሙ ሸሚዟን እንዳይነካ ራቅ አድርገው ጨፈለቁት።

«በይ ሂጂ፤ አሁን ንጹሕ ነሽ።»

ሰርቪሱ ክላክስ ሲያደርግ ቀና አለች፤ የሥራ ፈገግታዋ ፊቷን ሞላው።

«እናመሰግናለን» ብላቸው ወጣች።

አቶ ዱሬሳ እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ታጠቡ። የትኋኑ ሽታ ከጣታቸው አልለቅ ብሏቸው እህል ሳይቀምሱ ዋሉ።