ባቡሩን የምሞላው እኔ ነበርኩ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊትም ብዙ አልናገርም። ይህን የምጽፈው ላንቴ፣ ሙዝ ከሚጫንበት ቦታ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። አርባ ምንጭ ካደግኩበት ቤት በልጅ መጫወቻ ምክንያት ወጣሁ ስል እዚህ ያሉት ይስቃሉ። ይሳቁ።

ከትውልድ ቦታዬ ከገረሴ ያመጡኝ በልጅነቴ፣ “እናስተምራታለን” ብለው ነው። አባወራው ከሰሜን የመጡ የኮሌጅ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። ሚስታቸውን እትዬ እላለሁ። የእኔ እኩያ የሆነች አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው “እንደ ልጃችን ናት” ይሉ ነበር። እንግዳው ሲወጣ ብርጭቆውን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ስታነሳ አላየሁም።

ባቡሩ የጋሼ ነው። ልጅ ሳሉ አባታቸው ከድሬዳዋ ገዝተውላቸዋል። አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፣ ሁለት ፉርጎ ይጎትታል። ባትሪ የለውም፤ እንደ ድሮ ሰዓት በቁልፍ ይሞላል። እኔ ባቡር የሚባል ነገር በሥዕል እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ቀን ሳሎን ውስጥ በራሱ ሲሄድ ሳይ የያዝኩትን ሰሃን ደረቴ ላይ አጣብቄ ደርቄ ቀረሁ።

ቁልፉ ግን ጠንካራ ነው። ልጅቷ አዙራው ጣቷ ቀላ። ጋሼ ጣቷን እፍ እያሉላት “አንቺ ተይው የኔ ልጅ፣ እሷ ትሙላልሽ። የሷ ጣት ሥራ ለምዷል” አሉ። በዚያው ሥራዬ ሆኖ ቀረ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔ ጓዳ ዕቃ ሳጥብ ከሳሎን ትጣራለች። “ነይ ሙዪልኝ!” እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እገባለሁ። ቁልፉ አልዞር እስኪል ድረስ እሞላዋለሁ። ከዚያ እንዳይሽከረከር ጎማዎቹን በመዳፌ ጭምቅ አድርጌ ይዤ አቀብላታለሁ። መዳፌ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ልሂድ ልሂድ ይላል። ወለሉ ላይ የምትለቀው እሷ ናት። ቆሜ ልይ ካልኩ እትዬ “ዕቃው ራሱን ያጥባል እንዴ?” ይሉኛል።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ራሴ ሞልቼ ራሴ መልቀቅ። አንዴ ብቻ።

ስንት ቀን በልቤ ተለማምጄ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

“ባቡሩ አንዴ በእኔ እጅ ትሂድ” አልኳት።

“ባቡሩ ትሂድ!” ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “እማዬ፣ ነይ ስሚያት! ባቡሩ ትሂድ አለች! አንቺ መጀመሪያ አማርኛ ልመጂ።”

የገረሴው ቤታችን ቋንቋ ጋሞኛ ነው። አማርኛ የለመድኩት እነሱ ሲያዙኝ ነው፤ ጉድለት ካለው ከእነሱ ነው የመጣው። ያኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የልደቷ ዕለት የሰፈራችን የሴቻ ልጆች ተጠርተው መጡ። በተራ በተራ ለቀቁት። ለሁሉም የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አውራ ጣቴ ተላጠ። አንዷ እንግዳ ልጅ ወደኔ ዞራ “እሷስ? ተራዋ መቼ ነው?” አለች። ባለልደቷ ኬኳን አፏ ውስጥ እንዳደረገች “የሷ መሙላት ነው” አለቻት። እትዬ ከት ብለው ሳቁ። የዚያችን እንግዳ ስም አላውቅም። ስለኔ ተራ የጠየቀ ሰው ግን በዚያ ቤት ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ስድስተኛን ስጨርስ “ቤቱን ማን ይያዝ?” ተባለና ትምህርቴ ቀረ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ አገባች፣ አዲስ አበባ ኖረች። ባቡሩ ቡፌው ላይ ተሰቀለ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ቁልፉን ጋሼ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። እንደ ልጃቸው ከሆንኩ ከማን ነው የሚቆልፉት?

ባለፈው ክረምት ልጅቷ ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ጋሼ ደስ ብሏቸው ቁልፉን አወጡ። እኔ ጓዳ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ድምፅዋን ሰማሁት፤ ያው የድሮው ነው፣ “እንዴት ነሽ” እንኳ የለውም።

“ነይ ሙዪላት!”

እጄን ጠርጌ ገባሁ። ሞላሁት። ሕፃኗ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ፤ እናቷም ከሶፋው ላይ ሆና እጇን ዘረጋች። ለሁለቱም አልሰጠሁም። ተንበርክኬ ሴራሚኩ ላይ አስቀመጥኩትና መዳፌን ከፈትኩ።

ሄደ። በጠረጴዛው እግር አጠገብ አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ሶፋው ሥር ገብቶ ግድግዳውን ገጭ አደረገ። ሕፃኗ አጨበጨበች።

ዕቃዬን በፌስታል ይዤ የወጣሁት በዚያው ሰዓት ነው። ሽንኩርቱ እንደተከተፈ ቀረ። ማንም ተከትሎኝ አልመጣም፣ ስልክም አልደወለም። ስለዚህ ከዚያ ቤት በጆሮዬ የቀረው ልጅቷ ከሶፋው ብድግ ብላ ያለችኝ ነው፦

“አንቺን ማን ልቀቂው አለሽ? ሁለተኛ እጅሽ እንዳይነካው! በይ አሁን ከሶፋው ሥር አውጪና ሙዪላት።”