ስክሪኑ ላይ የምትንቀጠቀጠው ነጭ እጅ

ልጄ ጸጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከቤታችን ማዶ ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰፊ መስታወት፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ። ሰፈሩ «እጀ ለስላሳው» ይለዋል። ጢም ሲላጭ ደንበኛ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አንዱማ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ሲነቃ ተላጭቶ አልቋል።

በቅርቡ ግን ጢም መላጨቱን ሸሸት ማድረግ ጀመረ። «ምላጭ አልቋል፣ በማሽን ላድርግልህ» ይላል። መሳቢያው ግን በምላጭ እንደተሞላ አይቻለሁ። አልጠየቅሁትም፤ ልጄ በሰው ፊት ሲጠይቁት አፉን ይዘጋል።

አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከጓደኛዋ ጌም ተውሳ መጣች። ሪሞት የሚመስል ነገር ይዘው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬም አብሮ ያወዛውዛል። ወደድኩት። የእኔ ጣቶች ከትንንሽ ቁልፍ ጋር አይስማሙም፤ ይሄ የሚፈልገው ክንድ ብቻ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ኳስ አንከባልዬ የተደረደሩትን እንጨቶች ስጥል ልጅቷ በሳቅ ሞተች።

«እማማ፣ ቀስ፤ ቴሌቪዥኑን ልትፈነክቺው ነው።»

ችግርም አለው። ጌሙ ቀረብ ሲሉት እጃችንን አያይም፤ ሶፋውን ወደ ኋላ ገፋን። ሻሼን ላስተካክል እጄን ባነሳ፣ ወርውራለች ብሎ ኳሴን ሰደደው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና፣ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋል።

ጨዋታ ለመምረጥ አንዲት ነጭ እጅ አለች። በሪሞቱ እየመሩ ሥዕሉ ላይ ያሳርፏታል፤ ዙሪያዋ ያለው ክብ እስኪሞላ ሳይነቃነቁ ይጠብቃሉ። ልጄ ከሥራ ሲገባ የልጅ ልጄ ሪሞቱን ሰጠችው።

«አባዬ፣ አንተ ምረጥ።»

ያዘው። ነጯ እጅ ሥዕሉ ላይ ደርሳ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ክቡ ግማሽ ይሞላና ታመልጣለች፤ እንደገና ከባዶ ይጀምራል።

«ዝም ብለህ ያዘው እንጂ።»

«ይዤዋለሁ እኮ። ዕቃሽ ተበላሽቷል።»

«አሁን ለእማማ ሠርቷል።»

«እንግዲያው እኔን ጠልቶኛል ማለት ነው።»

ባትሪ ቀየረ። የቆመበትን ቦታ ቀየረ። በግራ እጁ ሲይዘው ነጯ እጅ ቀጥ አለች። ወዲያው ወደ ቀኙ መለሰውና፣ አይታኝ ይሆን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስክሪኑን እያየሁ ነበር።

ልጅቷ ራሷ መረጠችለትና ወረወረ። ኳሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ይሄ ነገር ገረመኝ፤ ወንበሬን ሳብ አድርጌ አስተውል ጀመር። ሲወረውር እጁ ደህና ነው። የሚንቀጠቀጠው ዘርግቶት ሲጠብቅ ነው። ምላጭ ደግሞ መጠበቅ አለው፤ አገጭ ሥር ሲደርሱ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ለአፍታ ቆም ማለት አለ።

ልጅቷ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁት። «ምላጭ አልቋል የምትለው ለዚህ ነው?»

ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ማንንም አልቆረጥኩም፣ እማዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ቆርጠህ ቢሆን ሰፈሩ ካንተ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር።»

ፈገግ አለ፤ ቶሎ ግን ጠፋ። «ሐኪም ጋ ሄጄ ምላጭህን አስቀምጥ ቢለኝስ? ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ?»

እጁን ያዝኩት፤ መዳፌ ውስጥ እንደ ጫጩት ልብ ትር ትር ይላል።

ልጅቷ ተመልሳ የጌሙን ማስተካከያ ትጎረጉር ጀመር። «አባዬ፣ በቃ። ትንንሽ እንቅስቃሴ እንዳይቆጥር አድርጌዋለሁ። ሞክረው።»

ሞከረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ነጯ እጅ ግን ንቅንቅ አላለችም። ክቡ ሞላ። ልጄ ነጯን እጅ ተመለከታት።

«የሰው አገጭ እንዲህ ዓይነት ማስተካከያ የለውም» አለ።

ሰኞ ጠዋት ምሳውን ላደርስለት ሄጄ አግዳሚው ላይ አረፍ አልኩ። አንድ የድሮ ደንበኛው ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ወጥተው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ዛሬ ጢሜን በደንብ ላጨኝ፤ ሽማግሌ መሰልኩ።»

መሳቢያውን ሳብ አደረገና መልሶ ዘጋው። ወደ እኔ አላየም።

«አልችልም፣ አባባ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት ሐኪም ጋ ልሄድ ነው።»

ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ለእኔ አቀበሉኝ።

«እንግዲያው ጸጉሬን ቶሎ ቁረጥና ሂድ» አሉት። «የሐኪም ቤቱ ወረፋ እንዳይበዛብህ።»