ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ

በድርቁ ዓመት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በተተከለው የእርዳታ ጣቢያ በአስተርጓሚነት ስቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ አባቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የማስተረጉምላት ነርስ ከታይላንድ የመጣች ናት። እኛ ሠራተኞቹ ሲስተር እንላታለን። የገበያው ሰው ግን «ቻይናዋ» ይላታል፤ እሷም ማረሙ ሰልችቷት ትታዋለች።

በጣቢያው ለሠራተኛው ምሳ ይሠራ ነበር። ብዙ ጊዜ የቆርቆሮ ሥጋ የተቀላቀለበት ሩዝ ነው። እኔ ሥጋ ያልነካውን ከዳር ከዳር እየለቀምኩ እበላና የቀረውን እተወዋለሁ። ሲስተር ሦስት ቀን ስትመለከተኝ ቆየች። በአራተኛው ቀን ለምን እንደማልበላ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «ወተትና ቅቤስ?» ብቻ አለችኝ። እሱንም እንደተውኩ ነገርኳት። «እንግዲያው ቅዳሜ እኔ ጋ ትበያለሽ» አለች።

ቅዳሜ ስሄድ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሙቀጫ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የድንብላል ፍሬ አንድ ላይ ትወቅጣለች። ዝንጅብሉ በዝንጅብል ከታወቀው ከሀደሮ የመጣ ነበር። ገበያ ውስጥ አንስታ ስታሸተው የአገሯ መስሏት መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደሳቀች አስታውሳለሁ። እኛ ለሻይ የምንጨምረውን ጠጅ ሳር ከሥሩ ነቅላ፣ ነጩን ጫፍ ብቻ ቆርጣ ሙቀጫው ውስጥ ከተተችው። ሳር ሊበላ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። የተወቀጠውን ዘይት ላይ ስታቁላላው ግን ሽታው ጉሮሮዬ ድረስ ገብቶ አስነጠሰኝ፤ ወዲያው ደግሞ ራበኝ።

ከሻንጣዋ ውስጥ የኮኮናት ወተት የያዘ ቆርቆሮ አወጣች፤ ከፍታ ገለበጠችው። ዱባ፣ ጎደሬና ፎሶሊያ ጨመረች። በስተመጨረሻ ከዓሣ የተሠራ ጥቁር ማጣፈጫ ያለበትን ጠርሙስ አነሳች። ያለሱ ወጡ ወጥ አይባልም አገሯ። ጠርሙሱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችው። በምትኩ ጨውና ሎሚ አደረገችበት። እሷ በሩዝ፣ እኔ በቆጮ በላን። ላቤ እስኪወርድ በላሁ። ከድርቁ ወዲህ ሳልሳቀቅ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነበር።

ቆርቆሮዎቹ ሲያልቁ መላ ፈለግን። ለውዝ አሳድረን ዘፍዝፈን፣ ወቅጠን፣ በነጭ ጨርቅ ጨመቅነው። ወተቱ ከኮኮናቱ ወፈር ይላል። ሲስተር ቀመሰችና እናቷ ብታየው ምን እንደሆነ እንደማታውቀው ነገረችኝ፤ ከዚያ ሁለት ሳህን በላች። ዝናቡ ተመልሶ ጣቢያው ሲዘጋ እሷም ወደ አገሯ ሄደች። አሠራሩን በወረቀት አልጻፈችልኝም። ማጻፍም አላስፈለገኝም፤ እጄ ለምዶት ነበር።

ከዚያ ሆሳዕና አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩና ቤት ተከራየሁ። መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ሥጋና ቅቤ የሚያስተው ጾም የለንም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሥጋና ቅቤ የማትበላ የጴንጤ ልጅ ለማንም አልገባ አለች። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንሰበሰበው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል አንድ ሽማግሌ ጊዜ አግኝተው ወደ ጾም ተመልሻለሁ ወይ ብለው መረመሩኝ። አከራዬ ደግሞ ከጎንደር የመጡ ኦርቶዶክስ ነበሩ። እሳቸው የንስሐ አባት የሌለው ጾም ከረሃብ እንደማይለይ ነገሩኝ። ለሽማግሌውም ለአከራዬም የመለስኩት አንድ ነበር። አልጾምኩም፤ አልፈልግም፤ በቃ።

«ያለ ምክንያትማ አይሆንም፣ ልጄ» አሉ አከራዬ።

«እትዬ፣ ሥጋ የሚበላ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል?» አልኳቸው።

ቅር አላቸው። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ።

መሥሪያ ቤት የባሰ መጣ። በሳምንት አንድ ቀን የውይይት ክበብ አለን፤ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ የፖለቲካ ጽሑፍ ያነብባል፣ ይተቻቻል። የእኛ ካድሬ ወጣት ሰው ነው። በምሳ ሰዓት ምግብ ማመላለሻዬን ሲከፍት ከርሟል መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሂስ ያለው ይቅረብ ሲባል ስሜን ጠርቶ ተነሳ። ከባዕድ አገር ሴት የተማርኩት አመጋገብ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ እንደሆነ፣ ራሴን ከሰፊው ሕዝብ እንደለየሁ፣ ይህም ሊታረም እንደሚገባ አብራራ። ሰው ሁሉ ወደ ጫማው አየ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እኔም እንደዚያ ልል ነበር የተነሳሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጓድ፣ የሀዲያ ገበሬ ሥጋ የሚበላው በዓመት አንዴ፣ በበዓል ነው። እኔ ከሰፊው ሕዝብ የምለየው በአንድ ቀን ብቻ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው የሆነ ነገር ጻፈ። ለአንድ ወር ያህል በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም። ምግብ ማመላለሻዬን ግን ከዚያን ቀን በኋላ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ጠረጴዛው መሃል አድርጌ።

ያቺ አንድ ቀን ደግሞ መጣች። መስከረም ላይ፣ በመስቀል ሰሞን፣ የሀዲያን ዘመን መለወጫ ያሆዴን እናከብራለን። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመው በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ቤተሰባችን የሚሰበሰበው ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። በዋዜማው ወጤን ሠርቼ፣ ድስቱን በነጠላ አስሬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአውቶቡስ ሄድኩ። ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጣላኝም ነበር። ግን በዓሉ የእኔም ነው፤ ለምን እቀራለሁ?

አጎቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ እጁ ግን ለጋስ ነው። መጀመሪያ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራው አታካና ቀረበ። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፏል። አጎቴ በእጁ ሊያጎርሰኝ ዘረጋ። እጁን በሁለት እጄ ይዤ ሳምኩና እንደማልበላ ነገርኩት። በእኛ ዘንድ የታላቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም፤ ያውም በያሆዴ፣ ያውም ቅቤ። ከሥጋው የተመረጠውን ቆርጦ ሳህን ላይ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው። አልነካሁትም። ከተማ መግባቴ እንዳበላሸኝ፣ ባል እንደማላገኝ፣ ምርቃቱን እንደናቅኩ ዘረዘረ። ድስቴን ፈትቼ ከሥጋው አጠገብ አኖርኩት፤ ቆጮ ቆርሼ መብላት ጀመርኩ። ይሄኔ አጎቴ ወደ አባቴ ዞሮ ልጅህን አትገስጽም ወይ አለው።

አባቴ ታላቅ ወንድሙን ተከራክሮ አያውቅም። ሲበላበት የነበረውን ቢላዋ አስቀመጠ።

«ላሚቷ የወደቀች ቀን ቀንዷን የያዘችው እሷ ናት» አለ። «እኔ ቢላዋ ያዝኩ። ሥጋውን ለእናንተም ላክን። እኛም በላን፤ እሷም በላች። ድርሻዋን በልታለች። ሁለተኛ አትጠየቅም።»

እኔ ለማንም ያልተናገርኩትን እሱ ተናገረው። በድርቁ ዓመት ሣር ሲጠፋ ያቺን ላም የእንሰት ቅጠል እየቆረጥኩ ሦስት ወር ያቆየኋት እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ደጅ ላይ ወደቀች፤ መነሳት አቃታት። ሳትሞት ካልታረደች ሥጋዋ ስለማይበላ አባቴ ቀንዷን እንድይዝለት ጠራኝ። ስይዛት ጨው የማልሳት መስሏት እጄን ላሰችው። ሥጋዋ ሁለት ሳምንት አቆየን። እየበላሁ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፤ በዚያ አላፍርም። ሥጋዋ ካለቀ በኋላ ግን የቀረበልኝ ሥጋም ቅቤም ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

አጎቴ ሥጋ ያለበትን ሳህን ከፊቴ አንስቶ ለሌላ ሰው አቀበለ። ወጤን አልቀመሰም፤ እስኪሞት ድረስም አልቀመሰውም። የሳር ወጥ እያለ ነበር የሚጠራው።

አከራዬ ግን ሁዳዴ ሲገባ ወደ ማድቤት ብቅ አሉ። ሽሮው እንደሰለቻቸው፣ ያንን የሚያስነጥሰውን ነገር ከለውዝ ነው ወይ የምሠራው ብለው በዘወርዋራ ጠየቁኝ። ለውዙን አብረን ጨመቅን። ምክንያቴን ዳግመኛ አልጠየቁኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከዳምቦያ ሽማግሌ ተላከልኝ። ሊያገባኝ የፈለገው ሰው አስተማሪ ነው፤ ሥጋ እንደማልበላ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ግን አያውቁም። ገና ተቀምጠው የመጡበትን ጉዳይ ሳይጨርሱ አጎቴ አቋረጣቸው።

«ልጃችን ሥጋ አትበላም፤ ቅቤም አትበላም። ለምን ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ አሁኑኑ ተመለሱ» አላቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። አልተመለሱም።

አማቴ ግን ቀላል ሰው አልነበረችም። አግብቼ ዳምቦያ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የተነጠረ ቅቤ የጠላ ሰው አላየሁም እያለች ድስቴ ዙሪያ ትመላለስ ነበር። አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ስወጣ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምራበት ደረስኩ። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። እሷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። አልጮህኩም። ወጡን በሌላ ዕቃ ገልብጬ «ይሄ የእርስዎ ይሁን፣ እማማ» ብዬ ሰጠኋት፤ ድስቱን አጠብኩና ዝንጅብሌን እንደገና መላጥ ጀመርኩ። እሷም በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ነጭ ሽንኩርቱን ሳልጠይቃት ትልጥልኝ ጀመር፤ ስትልጥም እያጉረመረመች ነበር።