ጌተሙ ላይ ያሰርኩት ስም

ከጅማ ወደ ቦንጋ የተነሳሁት በግንቦት ማለቂያ ነው። ጭነቴ አንድ የልብስ ቦርሳና በጆንያ የተጠቀለሉ የጣውላ ሰሌዳዎች ነበሩ። በየሰሌዳው ላይ የአንድ ዛፍ ስም በአማርኛ፣ በካፋዎች ቋንቋ በካፊኖኖና በሳይንስ ስሙ፣ ከሥሩም ትርጉሙ ተጽፏል። የቀድሞ ተማሪዬ መሠረት አሁን ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ተማሪዎቿን ማንኪራ ጫካ ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ ስትወስድ የሚያነቡት ነገር እንዲኖራቸው የጠየቀችኝ እሷ ናት። ዕፅዋት ሳስተምር ያረጀሁ ሴት ነኝና እንዲህ ያለውን ግብዣ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ ሙቀቱ ሚኒባሱን ሞላው። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ደግሞ ደመናና ደን ተቀበሉን። አጠገቤ የተቀመጠው የጨርቅ ነጋዴ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ምን ጭነው ነው?» አለኝ።

«ስም።»

«ስም እንዲህ ይከብዳል?»

ጨዋታ ጨዋታን ያነሳዋልና ስለ ብሳና ነገርኩት። የሳይንስ ስሙ ክሮቶን ነው፤ በግሪክ መዥገር ማለት ሲሆን የመጣውም ከፍሬው መልክ ነው። ሰውዬው በመስኮት የሚያልፈውን ብሳና በሐዘኔታ ተመለከተና፣ «ይህን የሚያህል ዛፍ በመዥገር ይጠራ?» አለ።

ቦንጋ መነኸሪያ መሠረት ጠበቀችኝና ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን። የእንሰት የሳይንስ ስም ኤንሴቴ ቬንትሪኮሰም ነው። የመጀመሪያው ቃል የራሳችን ነው፤ ሁለተኛው በላቲን ቦርጫም ማለት ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እውነታቸውን ነው እኮ! ደህና እንሰት ቦርጭ አለው» አለች። እነዚህን ስሞች የምወዳቸው ለዚህ ነው። ስም አውጪው ተክሉ ፊት ቆሞ አንድ ነገር አይቷል፤ ያየውም እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ማንኪራ

በማግስቱ ጭቃውን እየረገጥን ጫካ ገባን። እንዲህ ያለ ጫካ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቡናው በትልልቁ ዛፍ ሥር እንደ ልቡ ያድጋል፤ ከላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። የዝንጀሮ ወንበር የሚባለው ዛፍ ሥር ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። ፖሊሲያስ ይሉታል፤ በግሪክ ብዙ ጥላ ማለት ነው። ከሥሩ ተጠለልንና ስሙን አመሰገንነው።

ምስማር ዛፍ ይጎዳል ብለን ሰሌዳዎቹን በገመድ እያሰርን ሄድን። ቀፎ የሞላበት አንድ ግዙፍ የጌተም ዛፍ አገኘን፤ ካፋዎች ቡቶ ይሉታል፤ ነጩ ማር ከአበባው ነው የሚገኘው። የሱን ሰሌዳ በገዛ እጄ አጥብቄ አሰርኩና ወደፊት ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከጌተሙ ሥር ተቀምጠው አገኘን። ሰሌዳው እንዳለ ነው። መሠረት ታውቃቸዋለች፤ ጋሽ ቆጭቶ ይባላሉ።

«ማን ነው ያሰረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እንኳን መጡ። እርስዎን ስጠብቅ ዋልኩ።»

ምክንያቱንም ነገሩን። እዚህ ጫካው ኮቦ በሚባል ድርሻ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ኮቦ ከአባት የወረደ ባለቤት አለው። ዛፍ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው የኔ ነው ማለቱ ነው። ባለቤቱ ራሱ ምልክቱን ቢያነሳ ጠብ ተጀመረ፤ ያሰረው ሰው ጎረቤት ፊት ሊፈታው ይገባል። እስከዚያ ድረስ ጋሽ ቆጭቶ ወደ ቀፎአቸው አይወጡም። ማሩ ደርሷል፤ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ይህን ሁሉ መሠረት የሰማችው እንደኔው ያን ቀን ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ ሰሌዳውን እያመለከቱ።

«ሼፍሌራ አቢሲኒካ።»

«ሁለተኛው ገባኝ፤ አገራችን ናት። የፊተኛው የማን ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። «የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ስም ነው፤ ለክብሩ ነው የተሰየመው» አልኩ።

«እዚህ ቀፎ አለው?»

«የለውም።»

«ዛፉን አይቶታል?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ እኮ የሰው ስም ነው ያሰሩብኝ» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ተጣሩና ሦስት ጎረቤቶች መጡ። ገመዱ ዝናብ ጠጥቶ ጠብቋል፤ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ማንም አላገዘኝም፤ ማገዝም አይፈቀድም። በመጨረሻ ፈታሁትና፣ «ዛፉ የጋሽ ቆጭቶ ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ» አልኩ። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ቀናሁ። ያለ አጥርና ያለ ዘበኛ ይህን ያህል ዛፍ እንዲህ ባለ ደንብ መጠበቁ አስደነቀኝ።

ጋሽ ቆጭቶ ወዲያው ሳቁ። «ስሙ ይቁም፤ ግን በራሱ እግር ይቁም» ብለው ከመንገዱ ዳር እንጨት ተከሉልን። እኛም የቀሩትን ሰሌዳዎች ፈትተን፣ ባለቤቶቹን ቤት ለቤት እየዞርን አስፈቀድን። እምቢ ያለን የለም። ማታ ነጭ ማር ከነሰፈፉ በሉ ተባልን፤ በላን።

ጅማ

ቤቴ ገብቼ ጭቃዬን ሳላራግፍ መጻሕፍቴን አወረድኩ። ስም ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ኖሬ፣ የሚያርፍበት ቦታ ባለቤት እንዳለው የተማርኩት ማንኪራ ነው። ያ የሐኪሙ ስም ከንክኖኝ አዲሱን ጥናት ሳገላብጥ፣ ሊቃውንቱ ጌተምን ከዚያ ስም አውጥተው አስትሮፓናክስ ብለውት አገኘሁ። ግሪክ ነው፤ ኮከብና ሁሉን ፈዋሽ ከሚሉ ቃላት የተሠራ። ሮጬ ለጋሽ ቆጭቶ ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው።

«ሰውዬው ከዛፌ ወረደ ማለት ነው?» አሉኝ ጋሽ ቆጭቶ።

«ወርዷል።»

«ያወረዱት እነማን ናቸው?»

«የሰቀሉት ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ደንብ ያውቃሉ» አሉ።